የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዶርምና ምግብ አለው፤ የኮሌጁ ሰልጣኝስ?

የብየዳው መምህር
ኅዳር 9 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በአንድ ወረዳ ከተማ ባለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳ ሳሠለጥን 11 ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው ባለፈው ረቡዕ ጭምብሏን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ስለሄደች አንዲት ሰልጣኝ ነው።

ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይመጣላት ቀርቶ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ቤተሰቦቿ ከከተማው በእግር የአራት ሰዓት መንገድ ርቀው ነው ያሉት፤ ተመላልሶ መማር አይታሰብም። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቤት እየሄደች በሶና ድርቆሽ ቋጥራ ትመለሳለች። እጇን ብታዩት! ከታች ወደ ላይ የሚበየደውን ቁም ብየዳ ወንዶቹ ወር ሙሉ ይታገሉታል፤ የቀለጠው ብረት እየተንጠባጠበ ያስቸግራል። እሷ በሁለተኛው ሳምንት አወጣችው። ቅርፊቱን በመዶሻ ስታራግፈው ከሥሩ የታየው መስመር በሰፌት ላይ እንዳለ ስፌት እኩል እኩል ተደርድሮ ነበር። ቁራጩን ላሜራ እስከ ዛሬ ለአዳዲሶቹ ማሳያ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።

ለምን እንደምትሄድ ስጠይቃት «መምህር፣ ኪራዩ ጨመረ፤ ስንቄም ሳምንት አይደርስም» አለችኝ። ሌላ ምክንያት የላትም። አልሰነፈችም፣ አላገባችም፣ አልታመመችም።

ይህችው ልጅ ነጥቡ መጥቶላት ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ኖሮ መንግሥት አልጋ ይሰጣት ነበር፣ ያበላት ነበር። በወጪ መጋራት ሥርዓቱ ደግሞ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ቀስ በቀስ ይቆረጥ ነበር። ነጥብ ያልሞላላቸው የሚገቡበትን የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያልን እንኳ ብትገባ ጊቢ ውስጥ ታድራለች። የሙያ ኮሌጅ ስለገባች ግን አልጋ የላትም፣ ምሳ የላትም፣ ሠርታ የምትከፍለው ብድርም የላትም።

እስቲ ቁጥሩን ተመልከቱት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከመቶ ከ90 በላይ ለሚሆነው ወጣት «ወደ ሙያ ግባ» እንለዋለን። ሲመጣ ግን የሚያድርበትንና የሚበላውን ራሱ ይፈልግ ብለን እንተወዋለን። ከተማ ዘመድ ያለው፣ አባቱ ኪራይ የሚከፍልለት ይጨርሳል። የገበሬው ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ ይወጣል። እኔ በየዓመቱ ስም መጥሪያዬ ላይ የምሰርዛቸው ስሞች ከየት ቀበሌ እንደመጡ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ሩቅ ሩቁ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ድጋፉ ለምን ተማሪውን አይከተልም? ለምን ተቋሙን ይከተላል?

---

ቆሎ ተማሪ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:41

መምህር፣ አንጀቴን በሉት። ልጅቷን ፈልገው ይመልሱልን እባክዎ። የአንድ ወር ኪራይ እኔ አለሁ።

---

የበጀት ሰው
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:30

መምህር የጠየቁት ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱ ግን ደስ አይልም።

ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራል በጀት ይተዳደራሉ። የሙያ ኮሌጆች ደግሞ በክልል በጀት። ፌዴራሉ ለተማሪ ምግብ የሚይዘው ገንዘብ ለብቻው ተለይቶ የሚታወቅ ነው፤ የቀን ወጪው ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ክልል ግን ከፌዴራል በጥቅል የሚመጣለትን ድጎማ ለመንገድ፣ ለጤና፣ ለውሃ፣ ለመምህራን ደመወዝ እያከፋፈለ ነው ለኮሌጅ የሚደርሰው። እኔ በአንድ ዞን ፋይናንስ ውስጥ ስሠራ ያየሁት፣ የኮሌጅ በጀት ከደመወዝ አልፎ ለኤሌክትሮድና ለላሜራ መግዣ የሚተርፈው ጥቂት ነው። «ሰልጣኝ ይብላ» የሚል የበጀት መደብ ከነጭራሹ የለም። መደብ የሌለውን ነገር ቢሮ ኃላፊው ቢፈልግ እንኳ መክፈል አይችልም፤ ኦዲት ይጠይቀዋል።

በ2014 መጀመሪያ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሙያ ሥልጠናው ከሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ወደዚያ ሄዷል። ጥሩ ነገር አለው፤ ሥልጠናና ሥራ አንድ ቤት ሆኑ። ነገር ግን የተማሪ ድጋፍ ልምዱና የወጪ መጋራት አሠራሩ በዩኒቨርሲቲው በኩል ቀረ።

ስለዚህ ዶርም ይሠራ ብሎ መጮህ ብቻውን ዋጋ የለውም። በየወረዳው ላለ ኮሌጅ ዶርም መሥራት ብዙ ዓመት ይፈጃል። የሚቻለው ከፌዴራል ለክልሎች ከሚሰጠው ውስጥ ለዚህ ብቻ ተብሎ የታሰረ ገንዘብ ማስቀመጥ፣ ከኮሌጁ ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚመጣ ሰልጣኝ የኪራይና የምግብ መደጎሚያ መስጠት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለትምህርትና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚመድበውን ሀብት እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል።

---

ሐቁን ልናገር
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4:05

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። የእህቴ ልጅ ደረጃ 3 ጨርሶ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ሰልጣኝ ብታበሉ፣ ብታሳድሩ፣ ማሽኑ ካልሠራና ቀጣሪ ከሌለ ምን ፋይዳ አለው? «70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ» ይባላል። እሱ በሄደበት ኮሌጅ ለ40 ሰልጣኝ የነበረው የሚሠራ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) አንድ ብቻ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ እጁ ቢነካው ነው። መጀመሪያ ጥራት ይቅደም።

---

የብየዳው መምህር
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4:32

ወንድሜ፣ ስለ ማሽኑ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም በአምስት የብየዳ ትራንስፎርመር 32 ሰልጣኝ ይዤ አውቃለሁ። ነገር ግን ጥራት እስኪመጣ የድሃው ልጅ ይጠብቅ ከተባለ፣ ጥራቱ ሲመጣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? አሁንም ኪራይ መክፈል የሚችለው ነው። ሁለቱን አንዱን ካንዱ አስቀድመን መምረጥ ያለብን አይመስለኝም። የእህትዎ ልጅ በምን ሙያ ነው? ድርጅት ውስጥ ለሚሰጠው የትብብር ሥልጠና ወጥቶ ነበር? በውስጥ ይጻፉልኝ።

---

የሸማኔ ልጅ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1:15

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ለምንድን ነው አገሪቱ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግብ ሲቀርብ የማይገርማት፣ ለሙያ ሰልጣኝ ሲባል ግን «ከየት ይመጣል» የምትለው? ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። እጁን ያበላሸውን ሰው ለዘመናት ንቀነዋል። አያቴ ሸማኔ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ለጥምቀት የሚለብሰውን የሚሠሩት እሳቸው፣ ሰርግ ላይ ከበር የሚቀመጡት እሳቸው። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸክላ ሠሪዋን እንዲያ፣ ፋቂውን እንዲያ ስንል ኖረናል። ማረሻው፣ ምጣዱ፣ ጋቢው የመጣው ግን ከእነዚህ ቤት ነው።

ያ ንቀት ዛሬ መልኩን ቀይሮ በበጀት ሰነድ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ አምናለሁ። ሙያ ኮሌጅ ፈተና የወደቀ የሚጣልበት ተደርጎ ስለሚታይ፣ የወደቀን ማን ያበላል ነው ነገሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያን ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን አስቀምጦት ነበር፤ ወላጁም ባለሥልጣኑም በልቡ ከሥር እንዳደረገው ቀረ።

---

አለም ከጅዳ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 5:20

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ከሳዑዲ ከተመለሱት ነኝ። በ2006 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው ሲመልሱ አንዷ ነበርኩ፤ ከ160 ሺህ በላይ ሆነን ነው የመጣነው። አውሮፕላን ማረፊያ በለበሱት ስስ ልብስ ብቻ የወረዱ ነበሩ።

አገር ቤት ስገባ «ሠልጥኑ፣ ተደራጁ» ተባልን። ሄድኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ነው። አምስተኛ ክፍል። ዝም ተባልኩ። በኋላ የ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ 8ኛ ክፍልና የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅ ነበር። ዓላማው እኛን ለመጠበቅ ነው፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን 8ኛ ክፍል ያልደረሰችው የገጠር ልጅ መሄዱን አልተወችም፤ የሄደችው በጅቡቲና በየመን በኩል ሆነ። በደላላ።

ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። ለ12 ሰው ምግብ አበስላለሁ፣ አረብኛ እናገራለሁ፣ ሽማግሌ አስታምሜያለሁ፤ አልጋ ላይ ያለን ሰው ጀርባው ሳይቆስል እንዴት እንደሚገላበጥ አውቃለሁ። ያን የሚመዝንልኝ አጣሁ። መምህር፣ እርስዎ ስለምትወጣዋ ልጅ ተናገሩ። እኔ ደግሞ ከበሩ ስላልገባነው ልንገራችሁ ብዬ ነው።

---

ቶርኖ ቤት
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6:02

እህቴ አለም ያልሽው የእኔም ነው። እኔ መርካቶ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ነው ያደግሁት፤ መጀመሪያ ሻይ አመላላሽ፣ ቀጥሎ ብሎን አጣቢ፣ ከዚያ ቶርኖ ላይ ቆምኩ። ዛሬ ለሲኖትራክ የሚሆን ቡሽ በካሊፐር ለክቼ ቆርጬ አወጣለሁ። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ስፈተን ተግባሩን አለፍኩ። ጽሑፉ ላይ ወደቅሁ። ጥያቄው ስለማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ቃሉን ስለማላውቀው እንጂ። «ኤክሴንትሪክ» ሲል እኛ ጋራዥ የምንለው ሌላ ነው። መዛኙ በአፍ ቢጠይቀኝ እስከ ማታ እመልስለት ነበር።

ያለ ወረቀት በጨረታ አልገባም፣ ፋብሪካ አይቀጥረኝም፣ ማኅበር ስንደራጅ እንኳ «ባለሙያ» ተብዬ አልቆጠርም። በልምድ የተማረን ሰው በአፍና በሥራ የሚመዝን አሠራር ቢጠናከር ከዚህ በላይ ርካሽ ፖሊሲ የለም። መንግሥት እኔን ለማስተማር አንድ ሳንቲም አላወጣም። መመዘን ብቻ ነው የቀረው።

---

ብሬል 88
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1:48

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ስልኬ እያነበበልኝ ነው። 12ኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ አንድ ኮሌጅ ለመመዝገብ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። እጄን ይዛ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ የትምህርት ክፍሎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ ብየዳ፣ አውቶ፣ ኤሌክትሪክ፣ ግንባታ... እያንዳንዱን ካነበበች በኋላ «ይሄም አይሆንህም» ትላለች። መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ አለቀ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ሕጉ አለ። አዋጅ 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ይደነግጋል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ግን አዋጁ የሚጠብቀው ሥራ ፈልጎ የመጣውን ሰው ነው። ሥልጠና ላይ ከተዘጋብኝ ሥራ ፈልጌ የምመጣው በምን ሙያ ነው? ኮምፒውተር ላይ የስክሪን ማንበቢያ ተጭኖ ቢሆን የሂሳብ መዝገብ አያያዝም፣ የደንበኛ አገልግሎትም፣ የጽሕፈት ሥራም እሠለጥን ነበር። ለሬሜዲያል ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ መግቢያ ነጥብ ተቀምጧል፣ ጥሩ ነው። ነጥብ መቀነስ ግን ለመንግሥት ምንም አያስወጣውም። ሶፍትዌርና የሠለጠነ መምህር ያስወጣል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

---

ከአሌክሳንድሪያ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 5:30

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። መምህር «ድጋፉ ለምን ተማሪውን አይከተልም» ያሉትን ሳነብ የራሴን መንገድ አስታወስኩ።

በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ከሥራ በኋላ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። ፔል ግራንት የሚባል የፌዴራል ድጎማ አለ፤ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። የሚሞላው ፎርም፣ ፋፍሳ የሚሉት፣ አንድ ነው፤ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲም ግባ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅም ግባ፣ ገንዘቡ አንተን ተከትሎ ይመጣል። ከክፍያው የተረፈኝን ለመጽሐፍና ለባቡር አደረግሁት። አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች ግን ለረጅም ዘመን ከዚህ ውጭ ነበሩ፤ በ2025 በወጣው ሕግ ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁትም ከጁላይ 2026 ጀምሮ እንዲፈቀድ ተደርጓል። እዚህም ብዙ ሰው ለዓመታት ተከራክሮበት የመጣ ነው።

አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ነው እንዳትሉኝ፤ ጎረቤታችን ኬንያን ተመልከቱ። የተማሪዎች ብድር ቦርዳቸው ለዩኒቨርሲቲም ለሙያ ተቋም ሰልጣኝም ያበድራል። የእኛ ወጪ መጋራት እኮ በባሕርይው ብድር ነው። ለሙያ ሰልጣኙ መዝጋት ለምን አስፈለገ? በያጅ ሥራ ሲይዝ ግብር ይከፍላል፣ ዕዳውንም ይከፍላል።

---

የበጀት ሰው
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2:20

ከአሌክሳንድሪያ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ወጪ መጋራት የሚሰበሰበው በቀጣሪው በኩል፣ ከደመወዝ ተቆርጦ ነው። አብዛኛው የሙያ ምሩቅ ደግሞ የራሱን ሥራ ይከፍታል ወይም በቀን ሥራ ይውላል፤ የሚቆርጥለት ቀጣሪ የለውም። ስለዚህ ብድር ብቻ ካደረግነው ገንዘቡ አይመለስም፣ አልተመለሰም ተብሎም በሁለት ዓመት ይዘጋል። የመጀመሪያውን ዓመት ምግብና ኪራይ ድጎማ፣ ከዚያ በላይ ለሚቀጥለው ብድር ማድረጉ ያስኬዳል ባይ ነኝ።

ደግሞ ድሃ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ቀበሌ ከተባለ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ርቀቱን መስፈርት እናድርገው ያልኩት። ኪሎ ሜትር ዘመድ የለውም።

---

የልጆች እናት
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3:05

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ስለ በጀት አላውቅም። ከተማው ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን ቁርስና ምሳ ሲመግብ «አይዘልቅም» ያላለ ሰው አልነበረም። ይኸው ልጆቼ እየበሉ ነው የሚማሩት። ምግቡን የሚሠሩት ደግሞ የሰፈራችን እናቶች ናቸው፤ ጎረቤቴ ከእንጀራ ጋገራ ወደ ደመወዝ የገባችው በዚያ ነው። ኮሌጅ ውስጥም የምግብ ዝግጅት ሰልጣኞች አሉ አይደል? እነሱ ያብስሉ፣ ሌሎቹ ይብሉ። ልምምዳቸውም ይሆናል።

---

ስፌት መስመር 6
ኅዳር 11፣ ከቀኑ 7:44

በአንድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሲቀጥሩን ሁለት ሳምንት አሠለጠኑን፤ የሠለጠንኩት የሸሚዝ ኮሌታ መግጠም ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ኮሌታ። እጅጌ አላውቅም፣ መቁረጥ አላውቅም። አሜሪካ በ2014 ታኅሣሥ ከአጎዋ (ዕቃችን ያለ ቀረጥ ገበያዋ ከሚገባበት ዕድል) ስታወጣን ትእዛዝ ቀነሰ፣ መስመራችን ተዘጋ። ወጥቼ ልብስ ስፌት ቤት ስጠይቅ «ሙሉ ሸሚዝ ትሰፊያለሽ?» አሉኝ። አልሰፋም። ፋብሪካ በሥራ ላይ ያሠለጠነውን ሰው ወደ ደረጃ እንዲያደርስ ሕግ ቢያስገድደው ኖሮ፣ ያ ሦስት ዓመት ደረጃ 2 ይሆነኝ ነበር። በዚያ ላይ ገና በግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም። ልጅቷን አይዞሽ በሏት።

---

ሐቁን ልናገር
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:10

ከትናንት ወዲያ ጠንከር ብዬ ከነበር ይቅርታ። ከመምህሩ ጋር በውስጥ ተነጋገርን፤ ለእህቴ ልጅ የትብብር ሥልጠና የሚወጣበት አንድ ብረታ ብረት ቤት ጠቁመውኛል። የበጀት ሰው ባለው የታሰረ ገንዘብ ላይ እኔም እስማማለሁ፤ ግማሹ ለማሽን ይሁን ብቻ።

---

የብየዳው መምህር
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3:00

ይህን ሁሉ ስትጽፉ በየምሽቱ አንብቤዋለሁ። ቶርኖ ቤት፣ ያልከውን ለመዛኞቻችን አሳይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱ ከዚህ በፊት በአፍ ጠይቀው እንደሚያውቁ ነገሩኝ፣ በወረቀት የተፈቀደ ባይሆንም። ብሬል 88፣ ለአንተ መልስ የለኝም። እኛም ጋ ያለው ዝርዝር ያው ነው። በሚቀጥለው የኮሌጅ ጉባኤ የስክሪን ማንበቢያውን በስምህ ሳይሆን በጉዳይህ አነሣዋለሁ። አለም፣ በቤት አያያዝና በእንክብካቤ ሙያ ያለ ክፍል ትምህርት ማስረጃ የሚመዘንበትን መንገድ እየጠየቅሁልሽ ነው።

ልጅቷን ቅዳሜ ሄጄ አገኘኋት። ሁለት አሠልጣኞች ተከትለውኝ ነበር፤ አንደኛዋ ሴት ስለነበረች አባትየው ጋር ለመነጋገር ቀለለን። አባቷ የመለሱልን መልስ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፦ «ልጄ ጎበዝ መሆኗን አውቃለሁ፤ የማላውቀው ከየት እንደማበላት ነው።» ቆሎ ተማሪ፣ የላክኸው ኪራይ ደርሷል። የአሠልጣኞች እድራችን የሁለት ወር ሸፍኗል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ጭምብሏን አድርጋ ቱቦላሬ እየቆረጠች ነበር።

ያለን ገንዘብ እስከ ጥር መጨረሻ ያደርሳታል። ከእሷ ጋር የመጡት ሁለቱ ጓደኞቿ ግን አልተመለሱም፤ ለእነሱ የሚሆን አልነበረንም። የበጀት ሰው፣ የርቀት መስፈርቱን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፈህ ብትልክልኝ፣ ያለፉትን አራት ዓመታት ያቋረጡ ሰልጣኞች ከየት ቀበሌ እንደነበሩ ከስም መጥሪያዬ አውጥቼ አያይዤበት ለክልሉ ምክር ቤት ተወካያችን እሰጣለሁ። የ2019 በጀት ጥያቄ ከመዘጋቱ በፊት ቢደርስ ነው የሚሻለው።